ከናፖሊው በር በላይ የሚተመው የድል ሰልፍ

አክስቴ ኑሮዋ ናፖሊ ነው፤ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች በመንከባከብ ትተዳደራለች። እኔ ከሮም ልጠይቃት ስሄድ መንገዳችን ሁልጊዜ በወደቡ በኩል ነው። እዚያ ካስቴል ኑኦቮ የሚባለው ግንብ አለ፤ አምስት ክብ ማማዎች ያሉት፣ ከባሕሩና ከከተማው መሀል የቆመ ግዙፍ ምሽግ። አንድ የነሐሴ ቀን ፀሐዩ በረታባትና ከግንቡ በር ሥር ጥላ ይዘን ቆምን። ሻሿን አስተካክላ ቀና አለች። በሁለት ጥቋቁር ማማዎች መካከል ከታች እስከ ላይ የተሞላውን ነጭ እብነ በረድ፣ በላዩም የተቀረጸውን ሰልፍ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«ድባብ ይዘውለታል» አለችኝ። «ልክ እንደ ጥምቀት። ግን ከሥሩ ያለው ታቦት አይደለም፤ ሰው ነው የተቀመጠው።» ትንሽ ዝም አለችና ጨመረች፦ «እነዚህ አጅበውት የሚሄዱትስ እነማን ናቸው?»

ንጉሡ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እሱን ብትጠይቀኝ ኖሮ ወዲያው እመልስላት ነበር፤ በዛሬዋ ስፔን የነበረችው የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ ነው፣ ናፖሊን በ1442 ይዞ በየካቲት 26 ቀን 1443 በድል ሰልፍ የገባው። (ቀናቱንም ዓመታቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሷ ጥያቄ ግን ስለ አጃቢዎቹ ነበር። ሮም ከተመለስኩ በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም። ያነበብኩት ሁሉ ስለ ንጉሡ ነው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ንጉሡ አንድ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሕዝብ ነው።

የድል ሰልፍ ምስል ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው አንዴ አይቼ የማልፈው ነው፤ ፈረስ፣ መለከት፣ ባንዲራ፣ ከመሀል የተኮፈሰ አንድ ሰው። ይሄኛው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ባለዕዳ ያደረገኝ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ መዞር አለብኝ።

ድባቡ ሥር

ንጉሡ ከፍ ባለ ሰረገላ ላይ ተቀምጧል፤ ሰረገላውን አራት ፈረሶች ይጎትቱታል። ከፊቱ መለከት ነፊዎች፣ ከኋላውና ከጎኑ ካባ የለበሱ መኳንንት አሉ። ፊታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ የሚያወራ ይመስላል፤ ሌላው አንገቱን አቀርቅሯል። ቀራጮቹ ሕዝቡን እንደ ሣር አንድ ላይ አልከመሩትም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ሰጥተውታል። ከሰልፈኞቹ መካከል የቱኒስ ልዑካን ናቸው የሚባሉም አሉ። አልፎንሶ ከቱኒስ ጋር ተዋግቷል፣ ተደራድሯልም፤ ስለዚህ እነሱ እዚያ መታየታቸው ለሱ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከባሕር ማዶ ያለ አገር ሳይቀር አውቆኛል ማለቱ ነው።

የሰልፉን ቀን የታሪክ ጸሐፊዎቹ በዝርዝር ጽፈውታል፤ ከሁሉም በላይ የንጉሡ የቅርብ ሰው የነበረው አንቶኒዮ ቤካዴሊ። ንጉሡ የገባው በተለመደው የከተማ በር አይደለም። ለክብሩ ሲባል ከከተማው አጥር አንዱ ክፍል ፈርሶ በፍርስራሹ በኩል ሰረገላው አለፈ። የፍሎሬንስ ነጋዴዎች ዩልዮስ ቄሳርን አስመስለው ያለበሱትን ሰው በሚሽከረከር ሉል ላይ አቁመው ለንጉሡ ግጥም አስባሉለት። ካታላኖቹም የጦርነት ጨዋታ አሳዩ። ድባቡን የያዙት የናፖሊ መኳንንት ነበሩ።

የአክስቴ ጥያቄ አንዱ መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ያጀቡት የከተማው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ከተማዋን ይዞ ይከላከል የነበረው ከፈረንሳይ የመጣው የአንዡ ሥርወ መንግሥት ልዑል ሬኔ ነበር፤ ከመኳንንቱም ብዙዎቹ የሱ ሰዎች ነበሩ። ሬኔ በመርከብ ሸሸ፤ እነሱ ግን ቤታቸው፣ መሬታቸው፣ መቃብራቸው እዚያው ስለሆነ ቀሩ። ቀርተው ለአዲሱ ጌታ ድባብ ያዙ። ይህን ሳስብ ልፈርድባቸው አልችልም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን የኖሩትም እንዲህ ባለ ዘመን ነው። እጃቸው ድባቡን ሲይዝ ልባቸው የት እንደነበር ድንጋዩ አይናገርም፤ አንገቱን ያቀረቀረውን ሰውዬ ባየሁት ቁጥር ግን እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የናፖሊ ሰው ይህን ግንብ በቀን ተቀን ንግግሩ ማስኪዮ አንጆይኖ ነው የሚለው፤ የአንዡዎች ግንብ ማለት ነው። መጀመሪያ የሠሩት በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እነሱ ናቸውና ስማቸው ቀረ። አልፎንሶ ከመሠረቱ ጀምሮ አድሶታል፣ በሩ ላይ ራሱን በእብነ በረድ አስቀርጿል፤ የአካባቢው ሰው ግን እስከ ዛሬ ግንቡን በተሸናፊዎቹ ስም ይጠራል።

በውሃ መውረጃ የገባ ድል

ከሰልፉ በላይና በታች የተጻፉ የላቲን ቃላት አሉ። አንደኛው ጽሑፍ አልፎንሶን የስፔን፣ የሲሲሊና የኢጣሊያ ንጉሥ፣ መንፈሳዊ፣ ርኅሩኅና የማይሸነፍ ይለዋል። የማይሸነፍ! በነሐሴ 1435 በፖንዛ ደሴት አጠገብ በተደረገው የባሕር ጦርነት የጄኖቫ መርከበኞች ድል አድርገው እሱንና ሁለት ወንድሞቹን ማርከዋቸዋል። ወደ ሚላኖ መስፍን ወደ ፊሊፖ ማሪያ ቪስኮንቲ ተወሰደ። እዚያ እስረኛ ሆኖ ሳለ በንግግር ችሎታው መስፍኑን አሳምኖ ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት አመጣው፤ ነፃ ወጥቶም ጦርነቱን ቀጠለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ ሰው ትልቁ ድል ይህ ነው። እጅና እግሩ ተይዞ ሳለ የማረከውን ሰው በቃል ብቻ ማረከ። ይህንን ግን በበሩ ላይ አላስቀረጸውም።

ናፖሊ ራሷ እንዴት እንደተያዘችም እንዲሁ። በሰኔ 1442 መጀመሪያ ላይ የአልፎንሶ ወታደሮች የገቡት በሌሊት፣ በከተማዋ ሥር በሚያልፈው የውሃ መውረጃ ነው። የመሬት ውስጡን መስመር የሚያውቁ ሰዎች እየመሯቸው፣ በጠባብና በጨለማ መተላለፊያ ተሽሎክልከው በአንድ ቤት የውሃ ጉድጓድ በኩል ወጡ። ከ900 ዓመታት በፊት በ536 የቢዛንታይኑ ጦር መሪ ቤሊሳሪዮስ ይህችኑ ከተማ በዚሁ ዓይነት መንገድ ይዟት ነበር፤ አልፎንሶም የጥንት መጻሕፍት ወዳጅ ስለነበረ ታሪኩን ያውቀዋል። ናፖሊ ከሥሯ ለስላሳ ቢጫ ድንጋይ ናት፤ ሰዎች ከግሪኮች ዘመን ጀምሮ ሲፈለፍሏት ኖረዋል። ዛሬም ጎብኚ ወደ ታች ወርዶ ያንን የውሃ ከተማ ማየት ይችላል።

እኔ ወርጄ አይቼዋለሁ። በጎን ካልሆነ የማያሳልፍ ቦታ አለው፤ ግድግዳው ይረጥባል፤ ከላይ ያለው ብርሃን ሩቅ ነው። በዚያ ውስጥ መሣሪያ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ እየዳሰሰ የሄደውን ወታደር አሰብኩት። ድሉ የሱ ነው፤ መንገዱን ያሳየው የውሃ ሠራተኛም ድል ነው። በሩ ላይ ግን የሚታየው ጉድጓዱ ሳይሆን ሰረገላው ነው። አጥሩን ማፍረስ ያስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። በጨለማ በጉድጓድ የገባ ጦር በቀን፣ በፀሐይ፣ በሰፊ ፍርስራሽ እንደገና መግባት ነበረበት፤ ሕዝቡ በዓይኑ ያየው ይህኛው እንዲሆን። ድንጋዩ የሁለተኛውን መግቢያ ሁለተኛ ቅጂ ነው የያዘው።

ዶን ፒዬትሮ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሌላ ጊዜ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ስለዚያ በር መልስ እንዳገኘሁላት ነገርኳት። ስለ መኳንንቱ፣ ስለ ድባቡ አወራሁላት። እሷም የምትንከባከባቸው አሮጊት አንድ ታሪክ እንደነገሯት አስታወሰች። ገበያው አደባባይ አጠገብ ሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ውስጡም ጥንታዊ የእንጨት ስቅለት አለ። ናፖሊ ተከባ በነበረበት ጊዜ የከባቢው ንጉሥ ወንድም ቤተ ክርስቲያኑን በመድፍ አስመታ። ጥይቱ ጣሪያውን በስቶ ወደ ስቅለቱ ሲመጣ የጌታ ምስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ አሳለፈው ይላሉ። ወዲያው ደግሞ ያ ያስመታው ልዑል ከዚያው ከካርሚኔ በኩል በተተኮሰ መድፍ ራሱን ተመቶ ሞተ።

«ማን ነበር ስሙ» አለች፣ ጀበናውን ከምድጃው እያወረደች። «ዶን ፒዬትሮ። አዎ፣ ዶን ፒዬትሮ ነው የሚሉት።»

እኔ ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፒዬትሮ። ጴድሮ። የአልፎንሶ ወንድም ልዑል ጴድሮ።

ይህን ስም ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ከኢጣሊያ ታሪክ አይደለም። በ1428 አጼ ይስሐቅ መልእክተኞች ልከው ነበር፤ መልእክተኞቹም አልፎንሶን ቫሌንሲያ ላይ አገኙት። ወዳጅነት ጠየቁ፤ ወዳጅነቱም በሁለት ጋብቻ እንዲጸና ሐሳብ ቀረበ። ከሁለቱ በአንደኛው የንጉሡ ወንድም ልዑል ጴድሮ ወደ ኢትዮጵያ ወርዶ የይስሐቅን ልጅ እንዲያገባ፣ ሲመጣም የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ይዞ እንዲመጣ ነበር የታሰበው። ጋብቻው አልሆነም። ይህንን ታሪክ ሳነብ ጴድሮ ለእኔ በወረቀት ላይ ያለ ስም ብቻ ነበር፤ ያልመጣ ሙሽራ። የት እንደደረሰ ጠይቄም አላውቅም ነበር። ለካስ በ1438፣ ያ ሐሳብ ከቀረበ ከ10 ዓመት በኋላ፣ አክስቴ ገበያ ከምትሄድበት ሰፈር ፊት ለፊት ሞቶ ኖሯል።

ለረጅም ጊዜ ምንም አላልኩም። አክስቴ «ምነው ልጄ፣ ቡናው ቀዘቀዘብህ እኮ» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ነገርኳት። «ታዲያ አማችነታችን ቀረ በለኛ» አለችና ከልቧ አዘነች፤ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ላለፈው ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ መድፍ ለተኮሰ ሰው። «እሱም እኮ እዚህ ከሚቀር እዚያ ቢሄድ ይሻለው ነበር» አለች።

ይህ ንግግሯ ብዙ አሳሰበኝ። እውነት ቢሄድስ? ምናልባት በመንገድ ይሞት ነበር፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ። ግን ያኔ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለት ታሪክ ነበረኝ። አንደኛው የአገሬ ነው፤ ይስሐቅ፣ ደብዳቤ፣ መልእክተኛ፣ ምላሽ ያላገኘ ጥያቄ። ሁለተኛው የምኖርበት አገር ነው፤ ቅርጽ፣ በር፣ ሙዚየም። ሁለቱን በተለያየ ክፍል አስቀምጬ ነበር የምኖረው። ብዙዎቻችን በስደት ላይ ያለን ሰዎች እንዲህ የምንኖር ይመስለኛል፤ የነሱን ታሪክ እንደ ጎብኚ፣ የኛን እንደ ናፍቆት። አክስቴ በአንድ ስም ግድግዳውን አፈረሰችው። ያ ሰረገላ ላይ የተቀመጠው ሰው ከይስሐቅ ጋር የተጻጻፈ ሰው ነው። አማች ሊሆነን የነበረ ቤት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በሩ ሥር ስቆም ጴድሮን ፈለግኩት። በሰልፉ ውስጥ ወንድሙ የለም፤ ሰልፉ ሲደረግ ከሞተ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። የድል ሰልፍ የሚሠራው በሕይወት ላሉት ነው። ለአልፎንሶ ግን ያ ቀን ምን ዓይነት ቀን ነበር? መለከት ሲነፋ፣ ቄሳር ሲያወድሰው፣ ሰረገላው የገባው በገበያው ሰፈር በኩል ነው፤ ከካርሚኔ ብዙም አይርቅም። ወንድሙ የወደቀበትን አካባቢ በወርቅ ሰረገላ ተቀምጦ አለፈው።

አሥራ ሦስቱ

የይስሐቅ መልእክት ከጋብቻው በላይ አንድ ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ነበር። ባለሙያ ስጡኝ ነው። ይህ ከይስሐቅ የጀመረ አይደለም። አባቱ አጼ ዳዊት በ1402 ነብሮችን ጭምር የያዘ መልእክተኛ ወደ ቬኒስ ልከው ነበር፤ ከዚያም የእጅ ጥበብ ሰዎች ፈልገዋል።

አልፎንሶ ሰዎች ላከ። አሥራ ሦስት ነበሩ፤ ሁሉም በመንገድ አለቁ። ይህን የምናውቀው ከራሱ ከአልፎንሶ ነው። በ1450 ለአጼ ዘርአ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ ባለሙያዎች ለመላክ ደስተኛ እንደሆነ፣ ግን በሰላም መድረሳቸው መረጋገጥ እንዳለበት፣ ከዚህ በፊት የላካቸው አሥራ ሦስት ሰዎች በሙሉ እንደሞቱ ገልጾለታል። መንገዱ በግብፅ ያልፍ ነበር፤ በጊዜው ግብፅን ይገዙ የነበሩትን ማምሉኮችም ይህ ግንኙነት አላስደሰታቸውም። የይስሐቅን ጉዳይ ይዞ ወደ አውሮፓ የተመላለሰው ነጋዴው አል-ታብሪዚ በ1429 ካይሮ ላይ ተይዞ ተገድሏል።

ስለዚህ አክስቴ «ቢሄድ ይሻለው ነበር» ያለችው ልዑል አሥራ አራተኛ ይሆን ነበር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለኝ። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። «እኛ ላሊበላን የፈለፈልን ሰዎች ከፈረንጅ ባለሙያ እንለምናለን?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። ያ በር ራሱ ይመልስለታል። አልፎንሶ በሩን ለማሠራት የናፖሊን ሰው ብቻ አልተጠቀመም። ፔትሮ ዳ ሚላኖ ከሰሜን ነው፤ ፍራንቼስኮ ላውራና ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ ከዳልማቲያ ነው፤ ኢሳይያ ከፒዛ፣ ፓዎሎ ከሮም ናቸው። ግንቡን ያደሰው ጊዬም ሳግሬራ ከማዮርካ ደሴት የመጣ ነው። ለላይኛው ቅስት የሚሆን የንጉሡን የፈረስ ሐውልት እንዲሠራ የታሰበው ፍሎሬንሳዊው ዶናቴሎ ነው፤ ሠርቶ የጨረሰው የነሐስ ፈረስ ጭንቅላት ዛሬ በናፖሊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይታያል።

እና ማነው ድሃ? ሁለቱም ነገሥታት የሠሩት አንድ ሥራ ነው። ከየአገሩ የተካነ እጅ መሰብሰብ። ቤት ውስጥ ባለሙያ አጥተው አይደለም፤ ትልቅ ንጉሥ መሆን ማለት ሩቅ ያለውን እጅ ወደ ደጅህ ማምጣት መቻል ማለት ስለነበረ ነው። ይስሐቅም ዘርአ ያዕቆብም ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የአልፎንሶ ቀራጮች ከዳልማቲያ በመርከብ ይመጣሉ፤ የይስሐቅ አሥራ ሦስት ሰዎች ግን በረሃና ጠላት ማቋረጥ ነበረባቸው። ልዩነቱ መንገዱ ነው። መንገዱን ያለፈ ሰው ሲገኝ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል፤ በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከቬኒስ የመጣው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን ኢትዮጵያ ደርሶ አሥርት ዓመታት ኖረ፤ መርቆሬዎስ ተባለ፤ የሣላቸው የእመቤታችን ሥዕሎችም እስከ ዛሬ አሉ።

በ1450 ደግሞ የዘርአ ያዕቆብ መልእክተኞች ናፖሊ ድረስ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ፔትሮ ሮምቡሎ የሚባል የሲሲሊ ሰው ነበር፤ ረጅም ዕድሜውን በኢትዮጵያ ያሳለፈ፣ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ትውልድ ንጉሡ የተመለሰ። ይህን ሰው በጣም እወደዋለሁ። ሲወጣ ያወቀውን ቋንቋ ሲመለስ እንደ እንግዳ ሲናገረው አስባለሁ።

ሁለቱም ነገሥታት ያኔ ከድል በኋላ ነበሩ። አልፎንሶ በ1443 በሰረገላ ገባ፤ ዘርአ ያዕቆብ በታኅሣሥ 1445 በልደት ዕለት የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረገ። የዘርአ ያዕቆብ ድል በግዕዝ ተጻፈ፤ በዜና መዋዕሉ ውስጥ አለ፤ በእብነ በረድ ግን አልተቀረጸም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ የኛ ነገሥታት ውርሳቸውን ያኖሩት በብራና ላይ ነው። ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ማንም መንገደኛ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ብራናውን ግን የሚያነበው ይፈልጋል። ከፍ ዝቅ ለማድረግ አይደለም የምለው። ለብራናችን አንባቢ ሆነን መገኘት የኛ ፈንታ ስለሆነ ነው።

የማን ሰልፍ

አልፎንሶ በሩን ተጠናቆ አላየውም። በሰኔ 1458 ሲሞት ሥራው በጅምር ላይ ነበር፤ ልጁ ፌራንቴ ከብዙ መቋረጥ በኋላ አስጨረሰው። ፌራንቴ በበኩሉ የራሱን ድል በነሐስ መዝጊያ ላይ አስቀረጸ። ያንን መዝጊያ ደግሞ በ1495 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ ስምንተኛ ዘርፎ በመርከብ ሲያስጭነው ባሕር ላይ በተነሳ ውጊያ የመድፍ ጥይት ገብቶበታል ይባላል። ጥይቱ አሁንም ነሐሱ ውስጥ ተሰክቶ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የአንዱ ድል ለሌላው ምርኮ፣ ከዚያም ለሦስተኛው የጎብኚ መስህብ ሆነ።

በነዚህ ሁሉ ውስጥ ያልተለወጠው የቀራጮቹ ሥራ ነው። ዛሬ ሊቃውንት ስለዚያ በር ሲከራከሩ የሚከራከሩት የትኛው ፊት የላውራና ነው፣ የትኛው የፔትሮ ነው፣ የቱን የሌላው ቀራጭ የጋጂኒ እጅ ነክቶታል እያሉ ነው። የንጉሡ ነገር አልቆለታል፤ የመዶሻው ነገር ግን አሁንም ሕያው ክርክር ነው። ይህ በጣም ያስደስተኛል። እናም አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝን በሌላ መልኩ እመልሰዋለሁ። ንጉሡን ተሸክመው እስከኛ ዘመን ያደረሱት ድባብ ያዦቹ አይደሉም፤ ድንጋይ ቀራጮቹ ናቸው።

ለዚህ ነው አሥራ ሦስቱ ከልቤ የማይወጡት። እነሱም እንደ ላውራና መሣሪያቸውን አንግበው ከቤታቸው ወጡ። ለማያውቁት ንጉሥ፣ ለማያውቁት አገር ሊሠሩ። ከነዚያ መካከል ግንበኛ ይኖር ይሆናል፣ አንጥረኛ ይኖር ይሆናል። ቢደርሱ ኖሮ ምን ይሠሩ ነበር ብዬ ሳስብ የማየው የድል ሰልፍ ብቻ አይደለም። ከኛ ድንጋይ ፈልፋዮች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በምልክት እየተግባቡ፣ አንዱ የሌላውን መሮ ሲሞክር አያለሁ። ከይስሐቅ ደብዳቤ የቀረብን ትልቁ ነገር ጋብቻው አይመስለኝም፤ ይሄ ነው።

ናፖሊ የምትሄዱ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ከወደቡ ወርዳችሁ በማስኪዮ አንጆይኖ በር ፊት ቁሙ፤ ከሰዓት በፊት ሕዝቡ ሳይበዛ ይሻላል። ንጉሡን አንዴ ካያችሁት ይበቃል። ከዚያ ከፈረሶቹ ጎን ያሉትን፣ መለከት ነፊዎቹን፣ የቱኒስ ሰዎች የሚባሉትን አንድ በአንድ እዩ። ስትጨርሱ በባሕሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ በእግር ሂዱ፤ ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ። ስቅለቱ በአዘቦት ቀን በመጋረጃ ተሸፍኖ ነው የሚውለው፤ በታኅሣሥ 26 ተገልጦ እስከ ጥር መጀመሪያ ሕዝቡ ያየዋል። በዚያ ሰሞን ከሄዳችሁ ከአክስቴ መሰል አሮጊቶች አጠገብ ተቀመጡና የዶን ፒዬትሮን ታሪክ ጠይቁ። ይነግሯችኋል። ሲጨርሱ ደግሞ እናንተ የቀረውን ንገሯቸው፤ የሚያገባት ልጅ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደነበረች፣ ይዟቸው እንዲመጣ ስለታሰቡት ባለሙያዎች፣ በመንገድ ስላለቁት አሥራ ሦስት ሰዎችም። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።